ስማቸው ጠፍቶ ሳቃቸው የተረፈ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ቻርሊ ቻፕሊን ባወጣነው ጽሑፍ ውስጥ «በዘመኑ ከእርሱ ጋር የሚፎካከሩ ብዙ ቀልደኞች ነበሩ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገን አልፈን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ያችኑ ዐረፍተ ነገር ይዘው «እነማን ናቸው? የት ደረሱ? አሁንስ ማን ያስታውሳቸዋል?» ብለው የሚጠይቁ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በስልኬ ላይ ረጅም የሐር ባርኔጣ የደፋ፣ ከዘራ የያዘ፣ ጢሙን በሥርዓት የተከረከመ ማክስ የሚባል ፈረንሳዊ ቀልደኛ አየሁ። አንድ ወዳጄ «የቻፕሊን መምህር እርሱ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። እውነት ከሆነ እንዴት ስሙን ሳንሰማ ቀረን?
መ. ተ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወዳጅዎ እውነታቸውን ነው። ቻፕሊን ራሱ ለማክስ ሊንደር በሰጠው ፎቶግራፍ ላይ ሊንደርን መምህር፣ ራሱን ደግሞ ደቀ መዝሙር ብሎ ፈርሞበታል። ሊንደር በ1883 በቦርዶ ከተማ አቅራቢያ፣ ወይን ከሚያመርት ቤተሰብ ተወለደ። በ1905 ፓቴ በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የፊልም ሥራ ጀመረ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከመነሣቱ በፊትም ከስፔን እስከ ሩሲያ እየተጋበዘ በሄደበት ሁሉ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ የሚቀበለው ሰው ሆኖ ነበር።

ከእርሱ በፊት የነበሩት የፊልም ቀልደኞች የሚያስቁት በሩጫ፣ በግጭትና በመውደቅ ነበር። ሊንደር ግን ልብሱ የማይዛነፍ፣ ጓንቱ የማይጎድል የከተማ ጌታ ሆኖ ቀረበ። በእርሱ ላይ የሚያስቀው መውደቁ ሳይሆን፣ ከወደቀ በኋላ ምንም እንዳልደረሰበት ሰው ክብሩን ሊያስጠብቅ የሚያደርገው ጥረት ነው። ቻፕሊን ያንኑ ክብር ወስዶ ለኪሰ ባዶ ቤት የለሽ አለበሰው ማለት ይቻላል።

ሥራውን ለመመዘን በ1921 በአሜሪካ የሠራው «የሰባት ዓመት መጥፎ ዕድል» የተሰኘ ፊልም ውስጥ ያለችውን የመስተዋት ትርኢት ማየት ይበቃል። አሽከሩ የጌታውን ትልቅ መስተዋት ይሰብርና፣ ነገሩ እንዳይታወቅበት ወጥ ቤቱን የጌታውን ልብስ አልብሶ ከባዶው ክፈፍ ጀርባ ያቆመዋል። ሊንደር ማታ ሲጠጣ አምሽቶ ራሱ እየዞረ ሊላጭ ይመጣል። ጌታው ፊቱን ሲያሻሽ ወጥ ቤቱም ያሻል፤ ጌታው ጎንበስ ሲል እርሱም ጎንበስ ይላል፤ ጌታው ተጠራጥሮ ድንገት ዞር ሲል እርሱም ለቅጽበት ዘግይቶ ይዞራል። ተመልካቹን በሳቅ የሚገድለው ያች የቅጽበት መዘግየት ናት። ማክስ ተንኮሉን ደርሶበት በጫማ ሊመታው በሚዘጋጅበት ሰዓት ግን ክፈፉ አዲስ መስተዋት ገብቶለታል፤ ጫማው ሲወረወር የሚሰበረው እውነተኛው መስተዋት ነው። ይህ ብልሃት ከእርሱ በኋላ በብዙ ፊልሞች ተደጋግሟልና አንባቢያችን ሌላ ቦታ አይተውት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሊንደር ግን በእርጋታ የሠራው አላየሁም።

ስሙን ለምን ሳንሰማ ቀረን ላሉት፣ ጦርነቱ ጤናውን አናጋው። በ1916 ቻፕሊን የለቀቀው ኤሳኔይ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በምትኩ ቢቀጥረውም፣ ጥቂት አጫጭር ፊልሞችን ብቻ ሠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቆይቶ ዳግመኛ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በራሱ ገንዘብ የሠራቸውም ፊልሞች ያሰበውን ያህል አልሄዱለትም። በ1925 መገባደጃ ፓሪስ ውስጥ እርሱና ወጣት ባለቤቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። የተረፈችው ማውድ የምትባል የአሥራ ስድስት ወር ሕፃን ናት። ማውድ ሊንደር የአባቷ ፊት የማይታወሳት ልጅ ሆና አድጋ፣ ካደገች በኋላ ግን ፊልሞቹን ከዚህም ከዚያም እያሰሰች መሰብሰብን የዕድሜ ልክ ሥራዋ አደረገችው። በ1963 ሦስቱን የአሜሪካ ፊልሞቹን አቀናብራ ለሕዝብ አቀረበች፤ በ1983 ደግሞ ስለ እርሱ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። እስካረፈችበት እስከ 2017 ድረስም ከዚህ ሥራ አልወጣችም። እርሷ ባትኖር ዛሬ በስልክዎ ያዩት ሰው በታሪክ መጻሕፍት ግርጌ የተጻፈ ስም ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የተረሳ ሰው የተረሳው ሊረሳ ስለሚገባው አይደለምን? በእርግጥ ጥሩ ቀልደኞች ቢሆኑ ኖሮ እንደ ቻፕሊን ሁሉ ጊዜ ራሱ ያስታውሳቸው ነበር።
አ. ገ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በከፊል እንስማማለን። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ የቻፕሊንን ጢምና ከዘራ ተውሰው የተሰለፉ አስመሳዮች ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ከመቃብር ይውጡ የሚል የለም። ነገር ግን «ጊዜ ይፈርዳል» የሚለው አባባል በፊልም ላይ አይሠራም፤ ምክንያቱም ጊዜ እንዲፈርድ ቢያንስ ተከሳሹ በሕይወት መገኘት አለበት።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው፣ ዴቪድ ፒርስ የተባሉ የፊልም ታሪክ ተመራማሪ ባዘጋጁት ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ ከተሠሩት 10,919 ሙሉ ርዝመት ያላቸው ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ቀልደኞች ይሠሩ የነበሩት አጫጭር ፊልሞች በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገቡም፤ የእነርሱም ዕጣ ቢሆን የተሻለ አይደለም። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አሮጌዎቹ ዋጋ አጡ። ከተሠሩበት ናይትሬት ከተባለው ተቀጣጣይ ፕላስቲክ ላይ ብሩን አቅልጦ ለመሸጥ ሲባል በገዛ ባለቤቶቻቸው የጠፉ አሉ፤ መጋዘን ተቀምጠው በራሳቸው የበሰበሱ አሉ፤ የተቃጠሉም አሉ። ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ የሚነድበትን ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያወጣ በውኃ እንኳ አይጠፋም። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊትል ፌሪ በተባለች ከተማ የተነሣው የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ቃጠሎ የአንድ ሌሊት አደጋ ቢሆንም፣ በዘመኑ ሌሎች ቀልደኞች ሳይቀሩ ያደንቁት የነበረውን የሎይድ ሃሚልተንን የመሳሰሉ ሰዎች ሥራ አብሮ ወስዷል። ታዲያ ሃሚልተን የተረሳው ስለማያስቅ ነው ማለት ይቻላል?

ሁለተኛው ምክንያት ባለቤትነት ነው። ቻፕሊንና ሌላው የዘመኑ ዝነኛ ቀልደኛ ሃሮልድ ሎይድ የብዙ ፊልሞቻቸው ባለቤቶች ስለነበሩ ኔጋቲቮቻቸውን (ቅጂዎች የሚታተሙበትን የመጀመሪያውን ፊልም) ጠበቁ። ባስተር ኪተን ግን ባለቤት አልነበረም። ዛሬ ከቻፕሊን ጎን የሚቀመጠው ኪተን በ1940ዎቹ ለሌሎች ሰዎች ፊልም ቀልድ እየፈጠረ የሚተዳደር፣ የራሱ ሥራዎች የት እንዳሉ የማያውቅ ሰው ነበር። ጄምስ ኤጂ የተባለው ጸሐፊ በመስከረም 1949 ላይፍ መጽሔት ላይ ስለ ድምፅ አልባ ቀልደኞች ያወጣው ረጅም ጽሑፍ የሰውን ልብ መለሰ። በ1950ዎቹም ኪተን ድሮ ይኖርበት የነበረውን ቤት የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን በግቢው ውስጥ የተቆለፈባቸው የፊልም ጥቅሎች አገኘ። ኪተን በ1965 በቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ሲገኝ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት፤ በጥቂት ወራት ውስጥም አረፈ። በኪተን ላይ የደረሰው ይህን ያህል ከሆነ፣ ቤቱን ጄምስ ሜሰን ያልገዛለት ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምቱት።

ከእነዚያ አንዱ ሬይመንድ ግሪፊዝ ነው። ግሪፊዝም የሐር ባርኔጣ ይደፋል፤ ነገር ግን እንደ ሊንደር ክብሩን ለማስጠበቅ አይጨነቅም፤ ሞት አፍንጫው ሥር ቢቆም እንኳ ፈገግ ብሎ መውጫ የሚፈልግ ሰው ነው። በ1926 በሠራው «እጅ ወደ ላይ» ውስጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡ ወገን ሰላይ ሆኖ ተይዞ በተኳሾች ፊት ይቆማል። ሊተኩሱ ሲሉ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረውራል። ወታደሮቹ ሳህኑን ተኩሰው ያደቁታል። ሌላ ይወረውራል፤ እሱንም ይመቱታል፤ ወዲያው ነገሩ ግድያ መሆኑ ቀርቶ የዒላማ ውድድር ይሆናል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የኪተን ታላቁ የባቡር ፊልምም በዚያው ጦርነት ላይ ተመሥርቷል። ሁለቱን አከታትሎ ያየ ሰው የኪተንን ይበልጥ ቢያደንቅ አልከራከረውም፤ በየትኛው ይበልጥ እንደሳቀ ግን በሐቀኝነት ይናገር።

ግሪፊዝ ከልጅነቱ ጀምሮ ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ ብቻ የሚናገር ሰው ነበር። ድምፅ አልባው ፊልም ያንን ጉድለት ሸፍኖለት ኖረ፤ ድምፅ ሲመጣ ግን የተዋናይነት ሕይወቱ አበቃ። የመጨረሻው ሚናው በ1930 በወጣው ስመ ጥር የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊልም ላይ፣ በቦምብ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አንዲት ቃል ቀስ በቀስ የሚሞተው ፈረንሳዊ ወታደር ነው። ብዙ ሰው ያንን ትርኢት ያስታውሰዋል፤ ተዋናዩ የአሥር ዓመት ቀልደኛ እንደነበር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮዲዩሰር ሆኖ ሠርቶ በ1957 አረፈ። ስሙን ያነሣለት ዋልተር ኬር የተባለው የኒው ዮርክ የቴአትር ሐያሲ ሲሆን፣ በ1975 ስለ ድምፅ አልባ ቀልደኞች ባሳተመው መጽሐፍ ከእነ ቻፕሊን ጋር አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። በ1913 የተቀረጸ የጥቁር አሜሪካዊ ቀልደኛ ፊልም ከመቶ ዓመት በኋላ ተገኘ ሲባል ሰማሁ። ያው ሰው በመድረክ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ቴአትር ሠርቷል የሚሉም አሉ። እውነት ነው ወይስ የእኛ ሰው የጨመረው?
እ. ወ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ሰውየው በርት ዊልያምስ ይባላል፤ በ1874 በባሃማስ፣ ናሶ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ፣ በዘመኑ ከነበሩት የመድረክ ቀልደኞች ሁሉ ከፍተኛ ስም ያተረፈ ሰው ነበር። ከሥራ ባልደረባው ከጆርጅ ዎከር ጋር በየካቲት 1906 በኒው ዮርክ ማጄስቲክ ቴአትር ያቀረቡት የሙዚቃ ቴአትር ርዕስ «አቢሲኒያ» ነው። ታሪኩ ከካንሳስ የተነሡ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ ተጉዘው የሚገጥማቸውን ይተርካል፤ ዊልያምስ የሚጫወተው ምስኪን በአገሩ ሕግ በስርቆት ተከሶ እጁ ሊቆረጥ ሲል ፍርዱን የሚጠባበቅበት ትርኢት አለው፤ አፄ ምኒልክም ከቴአትሩ ገጸ ባሕርያት አንዱ ናቸው። ጊዜው ከዐድዋ ድል አሥር ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በአሜሪካ መድረክ ላይ ይታይ የነበረው የእርሻ አገልጋይ ወይም ሞኝ ሆኖ ነበርና፣ ጥቁር ንጉሠ ነገሥት በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሲፈርድ የሚታይበትን ታሪክ መምረጥ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለንም። በርግጥ በቴአትሩ ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ ከመጽሐፍና ከወሬ የተሰፋች አገር ናት፤ አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ቢያያት ብዙ የሚታዘበው ነገር ባላጣ ነበር።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። በ1939 በኒው ዮርክ ብሮንክስ የነበረው የባዮግራፍ ኩባንያ መጋዘን ሊዘጋ ሲል፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የፊልም ክፍል ኃላፊ የነበሩት አይሪስ ባሪ ወደ ዘጠኝ መቶ የሚጠጉ የኔጋቲቭ ጣሳዎችን አተረፉ። ከእነዚያ መካከል ርዕስም፣ የሠራተኞች ስምም፣ ጽሑፍም የሌላቸው፣ ያልተቀናበሩ ሰባት ጥቅሎች ነበሩ። ሮን ማግሊዮትሲ የተባሉት የሙዚየሙ ባለሙያና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ከመረመሯቸው በኋላ፣ በ1913 በርት ዊልያምስን መሪ ተዋናይ አድርጎ በጥቁር ተዋንያን የተሠራ፣ ነገር ግን ሳይጠናቀቅ የተተወ ፊልም መሆኑን ደረሱበት፤ በ2014ም ቅንጥብጣቢውን አቀናብረው ለሕዝብ አሳዩት። ታሪኩ ቀላል ነው፦ ሦስት ወንዶች አንዲት ቆንጆ ለማግባት ይሽቀዳደማሉ፤ በመካከሉ የመንደር በዓል አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ ግልቢያ አለ። ዊልያምስ የዘመኑ ልማድ አስገድዶት ፊቱን በጥላሸት ቀብቷል፤ በዙሪያው ያሉት ግን በተፈጥሮ መልካቸው ናቸው፤ በመጨረሻም ፍቅረኛውን ሲስማት ይታያል፤ ይህም በዚያን ጊዜ ነጮች በሚቆጣጠሩት ስክሪን ላይ የማይደፈር ነገር ነበር።

ፊልሙ አለመጠናቀቁ ያልታሰበ ጥቅም ሰጥቷል። የተጠናቀቀ ቢሆን ኖሮ በመቀስ ተቆርጠው ይጣሉ የነበሩት ቁርጥራጮች ሁሉ ስላሉ፣ በአንዱ ቀረጻና በሚቀጥለው መካከል ዊልያምስ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ተዋንያኑና ነጮቹ የፊልም ሠራተኞች ሲነጋገሩ ማየት ይቻላል። ቀልደኛው ቀልዱን አውልቆ ሥራውን የሚያስብ ሰው የሚሆንባቸው እነዚያ ሰከንዶች ከታሪኩ ይበልጥ ይስባሉ። ዊልያምስ በ1922 ሲሞት ይህ ሥራው ቀን ያያል ብሎ ያሰበ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ የምታነሷቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሴት ቀልደኛ አልነበረችምን?
ሰ. መ.፣ ከሐይፋ

መልስ፦ ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ቀላል አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፈረንሳይና በጣሊያን በተሠሩ አጫጭር ፊልሞች ውስጥ ቤት የሚያፈርሱ፣ ፖሊስ የሚያባርሩ፣ አሠሪዎቻቸውን በውኃ የሚያጥለቀልቁ ሴቶች ሞልተዋል። ሣራ ዱሃሜል «ሮዛሊ» በሚል ስም ትጫወት ነበር፤ ሊያ ጁንኪ በጣሊያን በራሷ ስም ተከታታይ ፊልም ነበራት። ከሁሉም የምታስገርመኝ ግን ሌዎንቲን የምትባለው ናት። ይህች ባለጌ ልጃገረድ ያልሰበረችው ዕቃ፣ ያላቃጠለችው ነገር የለም፤ ሆኖም የተጫወተቻት ተዋናይት እውነተኛ ስም እስካሁን አልታወቀም። ፊቷ አለ፣ ሳቋ አለ፣ ስሟ የለም። የእነዚህ ሴቶች ሥራ እንደገና የታየው ማጊ ሄነፌልድ፣ ላውራ ሆራክና የአምስተርዳሙ አይ ፊልም ሙዚየም ባልደረባ ኤሊፍ ሮንገን በየአገሩ ቤተ መዛግብት ያለውን ቆፍረው ስላወጡት ሲሆን፣ በ2022 ዘጠና ዘጠኝ ፊልሞችን ሰብስበው ለገበያ አቅርበዋል።

በአሜሪካ በኩል አሊስ ሃወልን እናንሣ። በ1886 ኒው ዮርክ የተወለደች፣ ጸጉሯን እንደ ጎጆ ክዳን ቆልላ የምትጫወት፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ሆና የምትቀርብ ተዋናይት ነበረች። ከሰላሳ ዓመታት በላይ ተረስታ ኖራ በ1961 አረፈች። ሴት ልጇ የታወቀውን ዳይሬክተር ጆርጅ ስቲቨንስን አገባች፤ ከእነርሱ የተወለደው ልጅ ደግሞ በ1967 የተቋቋመው የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት መሥራች ዳይሬክተር ሆነ። ኢንስቲትዩቱ ከተቋቋመባቸው ዓላማዎች አንዱ የጠፉ ፊልሞችን ማዳን ነበር፤ የሴት አያቱ ፊልሞች ግን ተሰብስበው ለመውጣት እስከ 2019 መጠበቅ ነበረባቸው።

ጥያቄ፦ ርዕስ የሌለው፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የተቆረጠ ፊልም ቢገኝ ማን እንደሠራው እንዴት ይታወቃል? ይህንንስ የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝ የሚከፈላቸው ምሁራን ናቸው?
ዳ. ከ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። ጥቂቶቹ የቤተ መዛግብት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚበዙት ግን በሌላ ሥራ እየተዳደሩ ይህን በፍቅር የሚሠሩ ናቸው። የሁሉም ታላቅ የሚባሉት እንግሊዛዊው ኬቪን ብራውንሎ በልጅነታቸው ባገኟት የቤት ፕሮጀክተር ላይ አሮጌ ፊልሞችን ማየት ጀመሩ። ፓቴ ኩባንያ ከ1922 ጀምሮ ለቤት መዝናኛ የሸጣቸው የዘጠኝ ነጥብ አምስት ሚሊሜትር ፊልሞች በየገበያው በርካሽ ይገኙ ነበር፤ ብዙ ሥራዎችም ዛሬ የሚታዩት በእነዚያ አጫጭር ቅጂዎች ብቻ ነው። ብራውንሎ በ1960ዎቹ፣ ያረጁት ተዋንያንና ካሜራ አንሺዎች በሕይወት ሳሉ እየዞሩ አነጋገሯቸው፤ ያሰባሰቡትን በ1968 በመጽሐፍ፣ በ1980 ደግሞ ከዴቪድ ጊል ጋር በአሥራ ሦስት ክፍል የቴሌቪዥን ዝግጅት አወጡት። በ2010 የክብር ኦስካር ተሰጥቷቸዋል። ከአሁኑ ትውልድ ስቲቭ ማሳ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሠሩ፣ ቤን ሞደል ደግሞ ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይበት አዳራሽ ፒያኖና ኦርጋን የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ሁለቱ ተባብረው፣ ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ፣ ማድሪድ ተወልዶ በጣሊያን «ሮቢኔ»፣ በአሜሪካ ደግሞ «ትዊዲ» እየተባለ በየአገሩ ስም ሲቀይር ኖሮ በዚያው ምክንያት ዱካው የጠፋውን ማርሴል ፔሬዝን በ2015 አውጥተውታል።

የስሙ ነገር ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ አከፋፋዮች ለየአገሩ ተመልካች የሚስማማ ስም ያወጡ ነበርና። ፈረንሳዮች ኪተንን «ማሌክ»፣ ጣሊያኖች ቀልደኛውን ላሪ ሲሞንን «ሪዶሊኒ» ይሉ ነበር። በ1960ዎቹ የቱሉዝ ፊልም ቤተ መዛግብት ኃላፊ ሬይሞን ቦርድ ከተዘዋዋሪ የትርኢት ሰዎች በገዟቸው ጣሳዎች ላይ «ብሪኮሎ» የሚል ስም ብቻ ተጽፎ አገኙ። ከፍተው ሲያዩት፣ አንድ ሰው የማይሰበር እንቁላል የሚያመርት ማሽን ሊፈለስፍ ይደክማል፤ ለሙከራ ያመጣቸውን እንቁላሎች መኪናው ሞተር ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ እንቁላሎቹ በሙቀቱ ይፈለፈሉና ከውስጣቸው ጥቃቅን መኪኖች እየወጡ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከዚያም እንደ ጫጩት ተሰብስበው በትልቋ መኪና ሥር ይገባሉ። አሻንጉሊቶችን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ሥዕል በሥዕል በማንሣት የተሠራ ሥራ ነው፤ በ1926 እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ማን እንደነበር የሚያውቅ አልተገኘም። ቆይቶ ብሪኮሎ የተባለው፣ አስቀድሞ የካርቱን ሠሪ የነበረው አሜሪካዊው ቻርሊ ባወርስ መሆኑ ታወቀ። ባወርስ በ1946 ሲሞት የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም፤ ከመሞቱ በፊት ያደነቀው ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብሬቶን ነው።

ስም ጨርሶ ከሌለ ሥራው የመርማሪ ፖሊስ ሥራ ይሆናል። የፊልሙ ጠርዝ ላይ ኮዳክ ያተማቸው ትንንሽ ምልክቶች ጥሬ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይጠቁማሉ፤ የመኪና ሰሌዳ ግዛቱንና ዓመቱን ይናገራል፤ የሱቅ ማስታወቂያ መንገዱን ያሳያል፤ በአንዱ ስቱዲዮ ፊልሞች ውስጥ ያው በርና ያው ወንበር ደጋግሞ ይታያል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ2012 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በቨርጂኒያ ካልፔፐር ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ ያልታወቁ ፊልሞች በፒያኖ ታጅበው ይታዩ ነበር፤ ተመልካቹ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አይጠበቅበትም ነበር፤ እንዲያውም ኮምፒውተሩን ከፍቶ እያሰሰ «ያ አስተናጋጅ እገሌ ነው!»፣ «ያ ሕንፃ ሎስ አንጀለስ ነው!» እያለ እንዲጮህ ይጋበዝ ነበር። በሙያቸው ጠበቃ የሆኑት ጆን ቤንግትሰን ደግሞ የድሮ የእሳት መድን ካርታዎችንና ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን እያስተያዩ ቀልደኞቹ የሮጡባቸውን መንገዶች ይለያሉ። በ1921፣ በ1922 እና በ1923 ለወጡ ሦስት የተለያዩ ታላላቅ ፊልሞች ቻፕሊን፣ ኪተንና ሎይድ የተቀረጹት ሆሊውድ ውስጥ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ መሆኑን ያሳዩ እርሳቸው ናቸው።

አንዳንዴ ደግሞ ዕድል ብቻ ነው። ፖል ጊየሩኪ የተባሉ የፊልም ታሪክ ተመራማሪ በሚሺጋን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት ጥቅል ተራ የ1914 ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ሲያዩት ግን በፖሊስ ልብስ የሚሮጥ አንድ የሚያውቁት ሰው ብቅ አለ። ቻፕሊን ነበር፤ ያ ፊልም በሥራዎቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። በ2010 ለሕዝብ ታይቷል።

ጥያቄ፦ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሰው ሁሉ ለምን ይጣደፋል?
ያልተፈረመ፣ ከጅማ

መልስ፦ በእጅ በሚዞር ካሜራ በሰከንድ ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ ገደማ ሥዕሎች ብቻ ይነሡ ነበር። ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ በሃያ አራት ስለጸና፣ አሮጌው ፊልም በአዲሱ ማሽን ሲታይ ይሮጣል። በቀልድ ፊልሞች ላይ ግን ካሜራ አንሺው ሆነ ብሎ ቀስ እያለ ያዞር ስለነበር ጥቂት ጥድፊያው የታሰበ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቅጂ የሚባለው ጥድፊያውን ጨርሶ ያስቀረ ሳይሆን ቀልደኛው የፈለገውን ያህል ያስቀረ ነው።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር? ሁሉንም ለማየት ዕድሜ አይበቃኝም።
ፍ. ኃ.፣ ከዱባይ

መልስ፦ ከግሪፊዝ «እጅ ወደ ላይ» («ሃንድስ አፕ») ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የባወርስን የእንቁላል ፊልም «ኤግድ ኦን»፣ ከዚያ የሊንደርን የመስተዋት ፊልም ይዩ። የሌዎንቲንን ጥፋት ለማየት የአምስተርዳሙ አይ ፊልም ሙዚየም በዩቲዩብ የለቀቃቸው አሮጌ ፊልሞች መነሻ ይሆኑዎታል። ለባወርስ ልጆች ካሉ አብረው ያስቀምጧቸው፤ ለሊንደር ግን ሌሊቱን ያመሸ ትልቅ ሰው ይሻላል። ሙዚቃ የሌለበት ወይም የማይገናኝ ዘፈን የተለጠፈበት ቅጂ ካጋጠመዎት ይለፉትና ሌላ ይፈልጉ፤ እነዚህ ፊልሞች በዘመናቸው ያለ ሙዚቃ የታዩበት ጊዜ እምብዛም ነው፣ የቀልዱ ምት የተለካውም ከአዳራሹ ሳቅና ከፒያኖው ጋር ነው። ብቻዎን በጆሮ ማዳመጫ ከማየት ይልቅ የቤት ጓደኞችዎን ጠርተው ቢያዩም እንመክራለን።